ማንኮራፋት የጥጋብ ምልክት አይደለም



ሰው ከዕድሜው ሢሶውን ያህል የሚያሳልፈው ተኝቶ ነው። ነቅተን ስለምንኖርበት ስለ ቀረው ሁለት እጅ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ጠባይና ስለ ጓደኝነት በያመቱ እናነባለን። ስለዚያ ስለ ሢሶው ግን ብዕሩን የሚያነሣ ጥቂት ነው። የተኛ ሰው ምንም የሚሠራ ስለማይመስለን ነገሩን ከቁም ነገር አንቈጥረውም። እኔ ግን በዘንድሮው መጽሔታችን አሳቤን የምገልጽበት ቦታ ስለ ተሰጠኝ፣ እንቅልፍ መስሎ ሰውን ሌሊት ሌሊት ስለሚያንቀው በሽታ ለመጻፍ ቈርጫለሁ።

ይህ በሽታ በባዕድ አጠራሩ ስሊፕ አፕኒያ ይባላል። አፕኒያ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ትንፋሽ ማጣት ማለት ነው፤ እኛም የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ ብንለው ያስኬዳል። ዓይነቱ ከአንድ በላይ ነው፤ እኔ የማወሳው በብዛት የሚታየውን፣ ጉሮሮ ሲዘጋ የሚመጣውን ነው። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

በየቤታችን የተለመዱ አራት አነጋገሮች አሉ። የቤቱ ጌታ ሲያንኮራፋ፣ «ጠግቦ ነው፤ እንቅልፉ ጣፍጦት ነው» ይባላል። ሰው ሲወፍር፣ «ተመችቶታል፤ አማረበት» ይባላል። ቀን የሚያንቀላፋውን ሰው ደግሞ «ሰነፍ ነው» እንለዋለን። ልጅ እንደ አባቱ ሲያንኮራፋ ከተሰማም «የዘር ነው፤ ምን ይደረግ» ተብሎ ይታለፋል። እነዚህ ቃላት እያንዳንዳቸው ሲታዩ ክፋት ያላቸው አይመስሉም። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን በሽተኛውን ከሐኪም ለይተው የሚያስቀሩ አራት ግድግዳዎች ይሆናሉ። የኔ አሳብ እነዚህ ግድግዳዎች ይፍረሱ የሚል ነው፤ እያንዳንዳቸውም ለምን መፍረስ እንደሚገባቸው እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

አስቀድሞ በተኛው ሰው ላይ የሚደርሰውን እንመልከት። ጉሮሮ እንደ ብረት ቧንቧ ደርቆ የቆመ አይደለም፤ ለስላሳ ቱቦ ነው እንጂ። ነቅተን ሳለን በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ከፍተው ይይዙልናል። እንቅልፍ ሲመጣ ጡንቻዎቹ ይላላሉ። መንገዱ ሰፊ ለሆነለት ሰው መላላታቸው ጉዳት የለውም። መንገዱ አስቀድሞ ለጠበበበት ሰው ግን ምላሱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ለስላሳው ላንቃም ይወርዳል፤ አየሩም የጉሮሮውን ግድግዳ እያንቀጠቀጠ በጠባቡ ቀዳዳ ያልፋል። ማንኮራፋት የምንለው ይህንኑ መንቀጥቀጥ ነው።

መንገዱ ፈጽሞ ሲዘጋ ደግሞ ድምፁ በድንገት ጸጥ ይላል። ያን ጊዜ ሌላው የቤት ሰው «እፎይ፣ ተወው» ይላል። ነገር ግን ክፉው ሰዓት ያ ነው። ደረትና ሆድ ይታገላሉ፤ አየር አይገባም። ይህ ቢያንስ 10 ሴኮንድ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አንድ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይቆያል። በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ያንሳል፤ የደም ግፊት ሽቅብ ይወጣል፤ በመጨረሻም አንጎል ደንግጦ ሰውየውን ያነቃዋል። ጉሮሮው በታላቅ ድምፅ ይከፈትና ትንፋሹ ይመለሳል። መንቃቱ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ስለ ሆነ ጧት ሲነሣ ምንም አያስታውሰውም።

ሐኪሞች የበሽታውን ክብደት የሚመዝኑት በአንድ ሰዓት ውስጥ ትንፋሹ ስንት ጊዜ እንደ ቆመ ወይም እንዳነሰ በመቍጠር ነው። ለአዋቂ ሰው ከ5 በታች ከሆነ እንደ ጤና ይቈጠራል፤ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። እስቲ በቀላል ሒሳብ እንየው። በሰዓት 30 ጊዜ የሚቋረጥበት ሰው 8 ሰዓት ቢተኛ በአንድ ሌሊት 240 ጊዜ ይቋረጥበታል ማለት ነው። ሌሊቱን 240 ጊዜ ትከሻውን ይዘን ብንቀሰቅሰው ጧት ፊቱ ምን ይመስል ነበር? እንዲህ ያደረውን ሰው ነው እንግዲህ «እንቅልፉ ጣፍጦት ነው» የምንለው።

በሽታው ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚነካ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ከ30 እስከ 60 ዓመት ዕድሜ ያላቸው የመንግሥት ሠራተኞች ሌሊት በመሣሪያ ተመርምረው ውጤቱ በ1993 ታትሟል። ከ100 ወንዶች በ24ቱ፣ ከ100 ሴቶች ደግሞ በ9ኙ ትንፋሻቸው በሰዓት 5 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲቋረጥ ተገኘ። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በዓለም ላይ ከ30 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች መካከል አንድ ቢሊዮን ያህሉ ይህ ችግር እንዳለባቸው ገምቷል። ብዙዎቹም በሽተኞች መሆናቸውን ሳያውቁ ይኖራሉ።

ጉዳቱ በእንቅልፍ ማጣት ብቻ አያበቃም። ሌሊት ሌሊት ሽቅብ የሚወጣው የደም ግፊት እያደር ቀንም አልወርድ ይላል። በሽታው ከልብ ሕመም፣ በአንጎል ውስጥ ደም ከመቋረጡ ከሚመጣ ሽባነትና ከስኳር በሽታ ጋር ተያይዞ ይገኛል። መኪና የሚነዳ ሰው ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ለሌላውም ይተርፋል፤ ይህ በሽታ ያለበት ነጂ አደጋ የማድረስ ዕድሉ ከሌላው ነጂ ሁለት እጥፍ ያህል መሆኑን የተለያዩ ጥናቶች አሳይተዋል። ሌሊት ያልተኛ ዓይን ቀን መሪ ላይ ሲከደን፣ ከኋላ የተቀመጡት መንገደኞች ሁሉ የዚያ ጉሮሮ ዕዳ ከፋዮች ይሆናሉ።

ታዲያ ይህን ያህል የሚጎዳ በሽታ እንዴት ሳይታወቅ ኖረ? መልሱ አጭር ነው፤ ዓለም ሲስቅበት ስለ ኖረ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት በጥቁር ባሕር ዳር በምትገኘው በሄራክልያ ከተማ ዲዮኒስዮስ የተባለ እጅግ ወፍራም ገዥ ነበረ። እንቅልፍ ሲወስደው እንዳይታፈን ሐኪሞቹ ረጃጅም መርፌ በሥጋው እየወጉ ይቀሰቅሱት እንደ ነበር የግሪክ ጸሐፊዎች ተርከውልናል፤ ታሪኩም ለጨዋታ ሆኖ ቀረ። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስም በ1836ና በ1837 ባወጣው ስለ ፒክዊክ በሚተርከው መጽሐፉ፣ በር እያንኳኳ እንኳ እንቅልፍ የሚወስደውን ጆ የተባለ ወፍራም ልጅ ለሣቅ አስገብቶታል። በ1956 የአሜሪካ ሐኪሞች ወፍራምና እንቅልፋም ስለ ሆኑ በሽተኞች ሲጽፉ ለበሽታው ስም የሰጡት ከዚሁ መጽሐፍ ወስደው ነው። በ1965 ግን በፈረንሳይ አገር በማርሴይ፣ በጀርመንም በፍራይቡርግ ያሉ ሐኪሞች እንዲህ ያሉትን ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ በመሣሪያ ሲከታተሉ ትንፋሻቸው እየቆመ ሲመለስ አዩ። የቀን እንቅልፋቸው ምክንያት በሌሊት መታፈናቸው እንደ ሆነ ያን ጊዜ ተገለጠ። ሣቁ ቀርቶ ሌሊቱን ነቅቶ የተመለከተ ሰው በተገኘ ጊዜ ነው እውነቱ የታወቀው።

ስንፍና ለሚለው ነቀፌታ መልስ የሚሆን አንድ ትልቅ ምሳሌ አለ። ዊልያም ሃዋርድ ታፍት ከ1909 እስከ 1913 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በሥልጣን ላይ በነበሩበት ዘመን ክብደታቸው 150 ኪሎ ያህል ደርሶ ነበር። በስብሰባ ላይ፣ በገበታ ላይ፣ ከሰው ጋር ሲነጋገሩ ሳይቀር እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር፤ ማንኮራፋታቸውም የታወቀ ነበር። ሰነፍ ነበሩ እንዳይባል ሕግ አጥንተው ዳኛ፣ የፊሊፒን ገዥና የጦር ሚኒስትር ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። ሥልጣናቸውን ከለቀቁ በኋላ ምግባቸውን መጥነው በዚያው በ1913 ዓመት ከ30 ኪሎ በላይ ቀነሱ። የቀን እንቅልፉም ተዋቸው። በ1921 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ፤ በትጋትም እስከ 1930 አገለገሉ። ጆን ሶቶስ የተባለ ሐኪም የኚህን ሰው ደብዳቤና የዘመኑን ጽሑፎች መርምሮ በ2003 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በሽታቸው የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ እንደ ነበረ አስረድቷል። ሰውየው ያው አንድ ሰው ናቸው፤ ጠባያቸው አልተለወጠም። የተለወጠው ጉሮሯቸው ነው።

ከዚህ ላይ ውፍረት እንዴት አድርጎ ጉሮሮን እንደሚዘጋ መጠየቅ ይገባል። ስብ በሆድና በወገብ ላይ ብቻ የሚቀመጥ ይመስለናል፤ ነገር ግን በአንገት ዙሪያ፣ በጉሮሮ ግድግዳ፣ በምላስም ውስጥ ሳይቀር ይከማቻል። በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ይህ በሽታ ያለባቸው ወፍራም ሰዎች፣ በሽታው ከሌለባቸው ወፍራም ሰዎች ይልቅ ምላሳቸው ውስጥ ብዙ ስብ እንዳለ በ2014 አሳይተዋል። በ2020 ደግሞ ክብደታቸውን በአማካይ 10 ከመቶ ያህል የቀነሱ ሰዎች በሽታቸው በ31 ከመቶ መሻሉን፣ ለዚህም ዋና ምክንያት ከሆኑት አንዱ የምላስ ስብ መቀነስ መሆኑን ገልጸዋል። የሆድ ስብም የራሱ ጥፋት አለው፤ ሰው በጀርባው ሲተኛ ወደ ላይ ገፍቶ ሳንባን ያጣብበዋል፤ ሳንባ ሲያንስ ጉሮሮን ወደ ታች ስቦ የሚያጸናው ኃይል ይላላል። ስለዚህ ሐኪም ስለ ማንኮራፋት ሲጠየቅ የአንገትን ዙሪያ ቢለካ አይግረማችሁ። ለወንድ 43፣ ለሴት 41 ሴንቲሜትር ያህል ሲያልፍ ጥርጣሬ ያሳድራል።

በዊስኮንሲን የተመረመሩት ሰዎች ለዓመታት ክትትል ተደርጎባቸዋል። በ2000 እንደ ተገለጸው፣ በአራት ዓመት ውስጥ ክብደቱ 10 ከመቶ የጨመረ ሰው የትንፋሹ መቋረጥ 32 ከመቶ ያህል ይጨምራል፤ ክብደቱ 10 ከመቶ የቀነሰ ደግሞ 26 ከመቶ ያህል ይቀንስለታል። እንግዲህ «አማረበት» የምንለው ሥጋ ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑን ልብ እንበል። ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ ዙሩ መክረሩ ነው። ሌሊት ያልተኛ ሰው ቀን ይደክመዋል፤ የደከመው ሰው አይንቀሳቀስም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ደግሞ ምግብ አብዝቶ ይሻል። በዚህም ምክንያት ይወፍራል፤ ሲወፍርም ጉሮሮው ይብሱን ይጠባል።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በሆድ ላይ መጣል ሌላ ስሕተት ነው። ወፍራም ሆኖ በሰላም የሚተኛ ሞልቷል፤ ቀጭን ሆኖ የሚታፈንም አለ። ለምን ቢባል የዘር ነገር ስላለበት ነው። በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ከ1990 ጀምሮ ቤተሰብን ከነልጆቹ የመረመሩ ሊቃውንት፣ በሽታው ያለበት ሰው ዘመዶች ከሌላው ሰው ይልቅ በዚሁ በሽታ እንደሚያዙ አረጋግጠዋል። በሰዎች መካከል ከሚታየው የትንፋሽ መቋረጥ ልዩነት ሢሶው ያህል ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ከዘር ጋር የተያያዘ መሆኑንም ገምተዋል። ከዚህም ውስጥ ከፊሉ ከውፍረት ዝንባሌ ጋር የሚጋራ ሲሆን፣ የቀረው ከውፍረት የተለየ ነው።

በክፍል ውስጥ ስለ ግሪጎር ሜንደል እንማራለን። በ1866 ባሳተመው ጥናቱ የአተር አበባ ወይ ሐምራዊ ወይ ነጭ እንደሚሆንና ይህም በሕግ እንደሚወረስ አሳየን። የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ ግን እንደ አተሩ አበባ በአንድ ጂን የሚወሰን አይደለም። እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት የሚያዋጡ ብዙ ጂኖች አሉበት፤ እነርሱም በሦስት መንገድ ይሠራሉ። አንደኛው የአጥንት ቅርጽ ነው፤ መንጋጋው ትንሽ ወይም ወደ ኋላ የተመለሰ ሰው ለምላሱ ቦታ ይጠበዋል። ሁለተኛው የስብ ነገር ነው፤ ምን ያህል እንደሚከማችና የት እንደሚከማች በዘር ይለያያል። ሦስተኛው አንጎል ትንፋሽን የሚመራበት መንገድ ነው፤ የአንዱ አንጎል ቶሎ ይደነግጣል፣ የሌላው ይዘገያል። በሁለተኛው መንገድ ምሳሌ የሚሆነው ኤፍ.ቲ.ኦ. የተባለው ጂን ነው። በ2007 እንደ ተገለጸው፣ አወፋሪውን ዓይነት ከአባትም ከእናትም የወረሱ አውሮፓውያን ካልወረሱት ይልቅ በአማካይ 3 ኪሎ ያህል ይከብዳሉ። በ2021 ደግሞ በፊንላንድ አገር ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች ተመርምረው ይኸው ጂን ከእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። የአጥንቱ መንገድ ብቻውን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ደግሞ በእስያ ይታያል፤ በሆንግ ኮንግ ውፍረት ከአሜሪካ በእጅጉ ያነሰ ሲሆን በሽታው ግን የሚቀራረብ ሆኖ ተገኝቷል፤ ለዚህም የፊትና የመንጋጋ አጥንት ቅርጽ እንደ ምክንያት ይጠቀሳል።

እንግዲህ «የዘር ነው፤ ምን ይደረግ» ለሚለው መልስ መስጠት ይቻለናል። አበው «ዘር ከልጓም ይስባል» ብለዋል። እውነት ነው፤ ይስባል። ነገር ግን የሚስብ ፈረስ ያለው ሰው ልጓሙን አይጥልም፤ ይልቁንም አጥብቆ ይይዛል። የ3 ኪሎ ዝንባሌ የወረሰ ሰው የ30 ኪሎ ፍርድ አልተፈረደበትም። መንጋጋው ጠባብ የሆነም ሰው አጥንቱን ባይለውጥ፣ በዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ስብ እንዳይጨምርበት ሊጠነቀቅ ይችላል። እንደኔ አስተያየት የዘርን ነገር ማወቅ የሚጠቅመው ተስፋ ለመቍረጥ አይደለም፤ ከማን ቤት እንደ ተወለድን አውቀን አስቀድመን ለመንቃት ነው። አባቱ በሌሊት የሚታፈን ልጅ ለራሱም ቢመረመር ብልህነት ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ወፍራሙን ሰው «የሆድህ ዕዳ ነው» እያሉ መስደብ ጭካኔ ነው። ከአጥንቱ፣ ከጂኑና ከሌሊት ድካሙ ጋር ብቻውን የሚታገልን ሰው በፌዝ ብንጨምርበት ሐኪም ቤት መሄዱን ትቶ ይሸሸጋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚባለው ተረት እውነት ከሆነ፣ እንዲደብቅ ያደረግነው እኛ ከጥፋቱ ነፃ አይደለንም። ምግብ መመጠን ይገባል ማለትና ሰውን በሰውነቱ ማዋረድ አንድ አይደሉም።

ነገሩ የአባቶች ብቻ መስሎ የሚታየው ተማሪ ካለ ደግሞ ስለ ልጆች ልንገረው። በልጆች ዘንድ ዋናው ምክንያት ብዙ ጊዜ የቶንሲልና ከአፍንጫ ጀርባ ያለው የአዴኖይድ ማበጥ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ በቀን ማንቀላፋት ብቻ ሳይሆን ይቅበጠበጣል፤ ይነጫነጫል፤ ትምህርትም አልያዝ ይለዋል። በ2013 በአሜሪካ ከ5 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ባላቸው 464 ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሟል። በቀዶ ሕክምና ቶንሲላቸውና አዴኖይዳቸው ከወጣላቸው ልጆች መካከል ከ100 በ79ኙ ከሰባት ወር በኋላ የሌሊት ትንፋሻቸው ወደ ጤናው ተመለሰ፤ ሳይቀደዱ ከቆዩት ግን ከ100 በ46ቱ ነው። የተቀደዱት ልጆች ጠባይም በወላጆቻቸውና በመምህሮቻቸው ምስክርነት ተሻሽሏል። ስለዚህ በየክፍሉ በስተኋላ የሚያንቀላፋውን ታናሽ ወንድማችንን «ደንቆሮ» ከማለታችን በፊት ሌሊት እንዴት እንደሚተነፍስ መጠየቅ ይገባናል።

ከዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። በአገራችን እንጥል ማስቆረጥ የሚባል ጎጂ ልማድ ሲሠራበት ኖሯል። የልጅ ማንኮራፋት ተሰምቶ ወደ እንጥል ቈራጭ መሮጥ ልጁን ለደም መፍሰስና ለማመርቀዝ አሳልፎ መስጠት ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። ከላይ ያወሳሁት ቀዶ ሕክምና በሐኪም እጅ፣ በማደንዘዣና በንጹሕ መሣሪያ የሚሠራ፣ የሚወጣውም ሌላ ነገር መሆኑ ሊታወቅ ይገባል።

አንዳንድ ሰው፣ «ስንቱ ወገናችን ምግብ አጥቶ በሚቸገርበት አገር ስለ ውፍረት መጻፍ ቅንጦት አይደለምን?» ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ረኀብን የሚያህል ጠላት እንደሌለም አልክድም። ነገር ግን በ2016 በአገራችን የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው ሴቶች ብዛት በከተማ ከገጠር እጅግ የበለጠ ነው። ከተሞቻችን እያደጉ ናቸው፤ በእግር መሄድ እየቀነሰ፣ በዘይት የተጠበሰና ስኳር የበዛበት ምግብ እየበዛ ነው። አንዱ ችግር ሌላውን አይጠብቅም። ደግሞም የመንጋጋ አጥንት ሀብታምና ድኻ አይመርጥም፤ ቀጭኑ ገበሬም ሊታፈን ይችላል።

ሕክምናን በሚመለከት ተስፋ አለ። ቀድሞ ለከባድ በሽተኛ የነበረው መድኃኒት ጉሮሮን ከፊት በኩል መብሳት ነበር። በ1981 በአውስትራልያ በሲድኒ ከተማ ኮሊን ሱሊቫን የተባሉት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በአፍንጫ ጭንብል አየር በለስላሳ ግፊት እየነፉ ጉሮሮ ሌሊቱን ሙሉ ተከፍቶ እንዲያድር የሚያደርግ ዘዴ አወጡ፤ ይህ መሣሪያ እስከ ዛሬ ዋናው ሕክምና ነው። በታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ገደማ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ቲርዜፓታይድ የተባለው ክብደት ቀናሽ መርፌ ይህ በሽታ በመካከለኛና በከባድ ደረጃ ላለባቸው ወፍራም ሰዎች እንዲሰጥ ፈቀደ። እርግጥ ነው፤ መመርመሪያውም ሆነ ማከሚያው በየከተማው የሚገኝ፣ ዋጋውም ለሁሉ የሚቀመስ አይደለም። ቢሆንም ገንዘብ የማይጠይቅ ብዙ ነገር አለ። በጀርባ መተኛትን ትቶ በጎን መተኛት ለብዙ ሰው ይረዳል። ከመኝታ በፊት ጠጅና አረቄ አለመጠጣት ይጠቅማል፤ መጠጥ የጉሮሮን ጡንቻ ይበልጥ ያላላልና። በእግር መሄድና ማዕድን መመጠን ገበያ አያስወጣም። የደም ግፊትን መለካት በየጤና ጣቢያው ይቻላል።

ከሁሉ በላይ የሆነውንና ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝን ነገር እዚህ ላይ ላስቀምጥ። ትኩሳት ያለበት ሰው ትኩሳቱን ያውቀዋል፤ እግሩ የተሰበረ ሰው ስብራቱን ያውቀዋል። ይህ በሽታ ግን ከባለቤቱ የተሰወረ ነው። በሽተኛው «እንዴት አደርክ?» ሲባል «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ በቅን ልቡ ይመልሳል። ለሐኪሙ የሚያቀርበው ምስክር የለውም፤ ምስክሩ በአጠገቡ ያደረው ሰው ነው። ባለቤቱ ናት፤ ልጁ ነው፤ በአዳሪ ትምህርት ቤት ቢሆን በሚቀጥለው አልጋ የተኛው ጓደኛው ነው። እኛ ወጣቶች ለፈተና ስናጠና አምሽተን በምንቀመጥበት ሰዓት በየክፍሉ የሚሰማውን ትንፋሽ ከማንም ይልቅ እንሰማለን። የሰማነውን ለሣቅ ካዋልነው ምስክርነታችንን አጠፋነው ማለት ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ዛሬ ማታ በየቤታችን የሚያንኮራፋ ሰው ካለ ጥቂት ጊዜ ዝም ብለን እናዳምጥ። ድምፁ እየበረታ ሄዶ ድንገት ጸጥ ካለ፣ ደረቱ እየታገለ አየር ካልገባ፣ ከዚያም በመናነቅ ከተመለሰ፣ ስንት ጊዜ እንደ ሆነና ምን ያህል እንደ ቆየ በሰዓት እንቍጠር፤ በወረቀትም እንጻፈው። ጧት ሲነሣ በአክብሮት፣ «አባባ፣ ሌሊት ትንፋሽዎ ሲቋረጥ ሰምቻለሁ፤ ለሐኪም እንንገር» እንበል። ቢቈጣ ወይም ቢስቅ እንኳ ተስፋ አንቍረጥ፤ ደግመን እንንገረው፤ ሐኪም ቤትም አብረነው ሄደን ያየነውን እንናገር። ጥቂት ትምህርት ያገኘን ሰዎች ለወላጆቻችን ልንከፍል ከምንችለው ውለታ አንዱ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።